የአካባቢ ጤና ተምሬ በከተማ አረንጓዴ ልማት መሥራት እችላለሁ?

ውድ እህቴ፣ ዘንድሮ በአካባቢ ጤና እንደምትመረቂ፣ በትውልድ ከተማሽ በድሬዳዋ በመናፈሻዎችና በተፋሰስ ልማት ላይ መሥራት እንደምትፈልጊ፣ ቤተሰብሽ ግን «ዛፍ መትከል የአትክልተኛ ሥራ ነው፤ ጤና ጣቢያ ተቀጠሪ» እንደሚሉሽ ገልጸሽ፣ ሁለተኛ ዲግሪሽን በዕፅዋት ሳይንስ ብትማሪ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ሙያሽን አትቀይሪ። በዚህ ሥራ የጎደለው ተካይ ሳይሆን፣ የተተከለው ዛፍ ለማን ጤና ምን እንዳስገኘ በማስረጃ የሚናገር ሰው ነው።

በዘርፉ ደጋግሞ የሚጠቀሰው፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመው የተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ ጥናት የተሠራው ከታካሚዎች መዝገብ ነው። በፔንስልቫኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 46 ሰዎች መካከል ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ ያዩ ነበር፤ ዛፍ ያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር። የታካሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ብዙ አትደምድሚበት፤ ነገር ግን ነርሶች በየዕለቱ የጻፉት ማስታወሻ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስተውዪ።

አሁን ወደ ከተማሽ ልመለስ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል ጎርፉ የመጣው ከላይ ካሉት ተራሮች ነበርና፣ በዳገቱ ላይ የሚሠራው እርከንና የሚተከለው ደን ለታችኛው ነዋሪ የሕይወት ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው፣ በውኃ ማጠራቀሚያ ዕቃዎች ውስጥ ከምትራባ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። ችግኝ ለማጠጣት ተሞልቶ ሳይከደን የሚያድር በርሜል፣ ጥላ እናገኛለን ባልንበት ቦታ ወባ ሊያመጣብን ይችላል። የመናፈሻ ዕቅድ ሲወጣ ይህን አንሥቶ የሚከራከር የጤና ባለሙያ በስብሰባው ላይ አለመኖሩ ከልብ ያሳስበኛል፤ አንቺ ከዚያ እንድትገኚ እፈልጋለሁ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ከማመልከትሽ በፊት አንድ ትንሽ ሥራ ሞክሪ። በግንቦት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ አንድ ቀን በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር፣ ሌላ ቀን ጥላ በሌለው የመጋላ ሰፈር መንገድ ላይ ሆነሽ ሙቀቱን ለኪ፣ ማን ቁጭ እንዳለና ማን እንዳልመጣ በደብተርሽ መዝግቢ፦ አዛውንት፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ በአካባቢው የሚሠራ የቀን ሠራተኛ። ተራው ቴርሞሜትር የሚያሳይሽ ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢሆን አትደነቂ፤ ዛፍ የፀሐይን ጨረር ስለሚከላከል ሰውነት የሚሰማው እፎይታ ከአየሩ ሙቀት ልዩነት ይበልጣል፣ ጨረሩን ለመለካትም ጥቁር ሉል ያለው ቴርሞሜትር ያስፈልጋል።

ለሁለተኛ ዲግሪ ኤፒዲሚዮሎጂን፣ ማለትም በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴትና ለምን እንደሚሰራጭ የሚያጠናውን ሙያ፣ እመርጥልሻለሁ፤ ከጎኑ የጂአይኤስ (የካርታ መረጃን በኮምፒውተር የመተንተን) ሥልጠና ውሰጂ፣ የላንድሳት የሳተላይት ምስሎች በነፃ ስለሚገኙ የየቀበሌውን የዕፅዋት ሽፋን ራስሽ ማስላት ትችያለሽ። ጤናንና አረንጓዴ ልማትን በሚያገናኝ የሥራ ስም የሚወጣ የቅጥር ማስታወቂያ እምብዛም አታገኚም። ስለዚህ ቤተሰብሽ የሚሉት የጤና ጣቢያ ሥራ ከተገኘ ሳታቅማሚ ግቢበት፤ ከጥላውና ከዕፅዋት ሽፋኑ ጋር የምታነጻጽሪው የሕሙማን መዝገብ የሚገኘው እዚያ ነው።