መልስ፦ ፈተናውን ያልፋሉ፣ ለምርጫ ግን አይወጡም

ተማሪዎችህ የሥነ ዜጋ ፈተና ላይ ጥሩ ያመጣሉ፣ 18 ሲሞላቸው ግን ለመምረጥ እንኳን አይመዘገቡም፣ ምን ላድርግ ብለሃል። ትምህርቱን አትጨምርባቸው፣ ይልቅ አሠራሩን በእጃቸው አስለምዳቸው።

የመንግሥት አካላትን ዘርዝሩ ቢባሉ ይዘረዝራሉ። የት ሄደው፣ ምን ይዘው፣ እስከ መቼ እንደሚመዘገቡ ግን የነገራቸው የለም።

1. የምዝገባ ቅጹን ናሙና ክፍል ውስጥ አምጣና እያንዳንዱ ራሱ ይሙላ።

2. የክፍል አለቃን በሚስጥር ድምፅ አስመርጥ። ኮሮጆ ይኑር፣ ታዛቢ ይኑር፣ ቆጠራውም ሁሉም እያየ ይሁን። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ስም ተጽፎ ሲገኝ "ይቆጠር፣ አይቆጠር" ብለው የሚጨቃጨቁበት ሰዓት እኮ ከአንድ ሙሉ ምዕራፍ በላይ ያስተምራል።

3. በሚያከራክር ጉዳይ ይከራከሩ። ያንተን አቋም ግን አትንገራቸው።

ይህን ሁሉ ሳይመረቁ ጨርስ። ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ሥራው፣ ቤት መቀየሩ ይመጣና ምርጫው ይረሳል፤ አንዴ የመረጠ ሰው ደግሞ በቀጣዩም የመምረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ስታወርድ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ድምፃቸውን ገና ተማሪ ሳሉ የመስጠት ዕድል አገኙ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ የመረጡትን ልጅ አስተዳደሩ "ረባሽ ነው" ብሎ በሌላ ተካው፣ በዓመቱ የሚወዳደር ጠፋ። የመረጡት ሲሻር ያየ ልጅ ድምፅ ዋጋ እንደሌለው ነው የሚማረው። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ማንም ያሸንፍ ውጤቱን እቀበላለሁ ካላለ ምርጫውን አትጀምረው።