ሳይጠጡ ወይን ማወቅ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ የሆቴል መስተንግዶ የምትማር አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ እኔ አልጠጣም። ነጭ ወይን ሳልቀምስ እንዴት ለእንግዳ አቀርባለሁ?» አለችኝ። አንድ የድሮ ባልደረባዬ ትዝ አለኝና ነገሩ ሆዴን በላው።

የሐይቅ ልጅ ነው። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። እንደሱ ያለ አፍንጫ ግን አላየሁም። አንዴ ለሥራ ላሊበላ ሄደን አንዲት ትንሽ ጠጅ ቤት ገባን። ለእኔ የላስታ ነጭ ማር ጠጅ፣ ለእሱ ብርዝ መጣ። ብርሌዬን አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘው። ጠጁ ፈዘዝ ያለ፣ ገለባ የመሰለ ነው። አሸተተው። በመዳፉ ትንሽ አሞቀውና ደግሞ አሸተተው። የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ ሽታው አይበተንም። የወይን ብርጭቆም አፉ የሚጠበው ለዚሁ ነው። «ማሩ ከመንተሴ አበባ ነው። ጌሾው ግን ቶሎ አልወጣም» አለኝ። ቀመስኩት። እውነትም ምሬቱ ቀደመ፤ ማሩ ኋላ መጣ። ባለቤቷ ሰምታ ኖሮ «ልክ ነው፣ ጌሾው ቀን አልፎበታል» አለች። ስኳር አልጨመረችም፤ ቀለም አልጨመረችም። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

ሆቴላችን ውስጥም ነጭ ወይን ሲከፈት የሚጠራው እሱ ነበር። ቡሹ ያበላሸው ወይን እርጥብ ካርቶን ይሸታል። እሱ ገና ሳይቀዳ ይለየዋል። የመጠጥ ክፍል ኃላፊ ሲፈለግ ግን አለቃችን «የማይጠጣ ሰው መጠጥ አይመራም» ብሎ ቦታውን ለእኔ ሰጠኝ። ባልደረባዬ ሥራውን ለቀቀ። ኮምቦልቻ ሱቅ ከፈተ። ያ አፍንጫ ሳሙናና ዘይት መሸጫ ውስጥ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች ችኩሎች ናችሁ። ሳታሸቱ ፎቶ ታነሳላችሁ። ግን ዕድለኞችም ናችሁ። የዝዋይ ወይን እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ከወጣ ወዲህ የአገራችንን ሻርዶኔ የሚባለውን ነጭ ወይን ከፍታችሁ መማር ትችላላችሁ። እኛ ይሄን አላገኘንም።

ነጭ ወይን በረዶ እስኪሆን አታቀዝቅዙ። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከዚያ በታች ከቀዘቀዘ ሽታው ይዘጋል። ብርጭቆውን አትሙሉ። አዙሩት፣ አሽትቱት። ሎሚ ነው? ፖም? ቅቤ ቅቤ ይላል? መጀመሪያ የሸተታችሁን ጻፉ፤ ከዚያ የሚጠጣው ጓደኛችሁ ይቅመስና ያመሳክር።

የሆቴል ባለቤቶችም ይህን ካነበባችሁ፣ ለመጠጥ ክፍል ሰው ስትመርጡ ይጠጣ አይጠጣ አትጠይቁ። ጠርሙስ ክፈቱ፣ ብርጭቆውን ስጡትና ምን እንደሸተተው ጠይቁት።