በአገር ቤት የሕግ ዲግሪ እንግሊዝ ውስጥ ሶሊሲተር መሆን ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? አገር ቤት በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ አዲስ አበባ አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የጥብቅና ፈቃድ ግን አላወጣሁም። በባለቤቴ ቪዛ ሎንደን ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። አንዱ ‹ዲግሪሽ እዚህ ዋጋ የለውም፣ ከሀ ጀምሪ› ይለኛል። አንድ ኤጀንት ደግሞ ‹ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ከተማርሽ በቂ ነው› ብሎ ለማስመዝገቢያ ገንዘብ ጠይቆኛል። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅም ‹ልክ ነው፣ ኤልኤልኤም የግድ ነው› አለኝ። የትኛውን ልመን? የአዲስ አበባው ሥራዬስ ይቆጠርልኛል? ቢሯችን ከአንድ የሎንደን የሕግ ድርጅት ጋር አንድ ትልቅ የብድር ጉዳይ ይዞ ነበር።»

መልስ፦ እህቴ፣ ለኤጀንቱ ሰባራ ሳንቲም እንዳትሰጪው። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

ከሀ አትጀምሪም። እንዲያ ያለሽ ሰው የድሮውን አሠራር ሰምቶ ይሆናል። ድሮ አንቺን የመሰለ ሰው መጀመሪያ የመቀየሪያ ኮርስ ይማራል፣ ቀጥሎ ኤልፒሲ የሚባለውን የሙያ ኮርስ ይወስዳል፣ ከዚያ «ትሬኒንግ ኮንትራት» የሚባል የሁለት ዓመት ቅጥር ይፈልጋል። ወገብ የሚቆርጠው ይሄ መጨረሻ ላይ ያለው ነበር። ተበድሮ ኮርሱን ጨርሶ፣ የሚቀጥረው አጥቶ የቀረ ስንት ሰው አውቃለሁ።

እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ የሆነው ኤስአርኤ አሁን የሚጠይቀው አራት ነገር ነው። ዲግሪ፣ ኤስኪውኢ የሚባለው ሁለት ክፍል ያለው ፈተና፣ የሁለት ዓመት የሕግ ሥራ ልምድ፣ በመጨረሻም የጠባይና የታማኝነት ማጣሪያ። ዲግሪው የሕግ መሆን እንኳ የለበትም። የኬሚስትሪም ይሆናል። ይሄ የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ነገ ባለቤትሽ ኤዲንብራ ሥራ አገኘሁ ቢልሽ መልሰሽ ጻፊልኝ።

በእኛ ቋንቋ ሶሊሲተሩም ባሪስተሩም «ጠበቃ» ነው። እዚህ ግን ሁለት ሙያ ናቸው። ሶሊሲተሩ ከደንበኛው ጋር ተቀምጦ ጉዳዩን ይይዛል፣ ውል ያረቃል፣ ቤት ያሻሽጣል። ባሪስተሩ በአብዛኛው ፍርድ ቤት ቆሞ ይከራከራል፤ ሥልጠናውም ለብቻ ነው። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ መጀመሪያው ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

አሁን ወደ ኤልኤልኤሙ። የአክስትሽ ልጅ አልዋሸም፤ እሱ የሚያወራው ስለ አሜሪካ ነው። ኒውዮርክ ላይ የባር ፈተና (የጥብቅና ፈቃድ ፈተና) ለመቀመጥ፣ ከኮመን ሎው አገር፣ ማለትም እንደ እንግሊዝ በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ሕግ ካለው አገር፣ ውጪ ሕግ የተማረ ሰው እዚያው አሜሪካ ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ኤልኤልኤም መማር አለበት። ወሬው አትላንቲክን ተሻግሮ ሲመጣ «ውጭ አገር ጠበቃ ለመሆን ኤልኤልኤም የግድ ነው» ሆነ። ኤጀንቶቹም ይሄን ያውቁታል። እዚህ ግን ኤልኤልኤም ከፈተናው አያስቀርሽም፣ የሥራ ልምድም አይሆንሽም። የኤስኪውኢ ዝግጅት የተጨመረበት ኤልኤልኤም አለ። ብዙ የአገሬው ልጅ የሚወስደው የመንግሥት የማስተርስ ብድር ለማግኘት ብሎ ነው፤ በአንቺ ዓይነት ቪዛ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ብድሩ በአብዛኛው አይሰጥም። እኔም በጊዜዬ ስሙን የማልጠራው አንድ ኮሌጅ «ይጠቅምሃል» ብሎኝ የማያስፈልገኝን ኮርስ አንድ ዓመት ተምሬያለሁ። ወረቀቱ እስከዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ዲግሪሽ ከእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ያስፈልግሻል። እሱን የሚሰጠው ዩኬ ኤኒክ የሚባለው አገልግሎት ነው። ኤስአርኤ ዲግሪውን የሚመረምረው መጨረሻ ላይ፣ ልትመዘገቢ ስትይ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። አንቺ አትዘናጊ፤ ለፈተና ከመክፈልሽ በፊት ጨርሺው። የሚያዘገየው እዚህ ያለው ሳይሆን የእኛው ወገን ነው። እጅሽ ላይ ያለው ቴምፖ ብቻ ከሆነ ኦሪጅናሉን ማውጣት አለብሽ፤ ለዚያ የኮስት ሼሪንግ ነገር መዘጋት አለበት። አንቺ እዚህ ስለሆንሽ የሚያወጣልሽ ዘመድ ውክልና ይፈልጋል። ውክልናውን እዚህ ኤምባሲያችን ታስፈጽሚና አዲስ አበባ ደግሞ ይረጋገጣል። ወራት ሊፈጅ ይችላልና ዛሬ ጀምሪው።

ስምሽንም አስተያዪ። ዲግሪው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፊደል በፊደል አንድ ነው? የእኛ ሰው ስም ሬጅስትራር ጋ ሲደርስ አንድ ፊደል ይጨምራል፣ ኢሚግሬሽን ጋ ሲደርስ አንድ ይቀንሳል። ፈተና ጣቢያ በር ላይ የተመዘገብሽበት ስም ከመታወቂያሽ ጋር ካልገጠመ አያስገቡሽም።

የአዲስ አበባው ሥራሽ ይቆጠራል ወይ ላልሽው፣ መልሱ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ኤስአርኤ ሥራው የተሠራበት አገር ግድ አይሰጠውም። አዲስ አበባም፣ ናይሮቢም፣ ዱባይም ይሆናል። ልምዱ እስከ አራት ከሚደርሱ መሥሪያ ቤቶች ሊሰበሰብ ይችላል፣ ደመወዝ የሌለውም ይቆጠራል። ጣጣው ፊርማው ላይ ነው። ያንን ሥራ የሚያረጋግጥልሽ የእንግሊዝና ዌልስ ሶሊሲተር መሆን አለበት። ቢሮው ውስጥ ከሌለ የውጭ ሶሊሲተርም ይፈርማል፤ ግን ሥራሽን በቀጥታ የሚያውቅ መሆን አለበት። የአለቃሽ የአዲስ አበባ ጠበቃ ፊርማ፣ ሃያ ዓመት ችሎት የቆመ ቢሆን እንኳ፣ ለዚህ አይሆንም።

ስለዚህ ከደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔን የያዘው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ያ የብድር ጉዳይ ላይ ከሎንደን በኩል የነበረው ሰው ሶሊሲተር ነበር? ያረቀቅሽውን ያይልሽ፣ ያርምልሽ ነበር? ወይስ ለአለቃሽ ብቻ ነበር የሚጽፈው? በቀጥታ ከአንቺ ጋር ይሠራ ከነበረ የዚያ ጊዜ ወራት ሊቆጠሩልሽ ይችላሉ። ፈራሚው የሚያረጋግጠው ጎበዝ መሆንሽን አይደለም። ይሄን ያህል ጊዜ ሠርታለች፣ የሙያውን ክህሎት የምታዳብርበት ዕድል አግኝታለች፣ ጠባይዋ ላይ ያየሁት ችግር የለም ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ገና አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። ከመውጣታችሁ በፊት የጥብቅና ፈቃዳችሁን አውጡ። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ያለው ጠበቃ እዚህ ሲመጣ የሚታየው እንደ «ብቁ የውጭ አገር ጠበቃ» ነው፤ የሁለት ዓመቱ የሥራ ልምድ አይጠየቅም። ሁለት ዓመት በፈቃዱ የሠራ ደግሞ ከፈተናው ሁለተኛ ክፍል ነጻ ልሁን ብሎ ማመልከት ይችላል። ከመጀመሪያው ክፍል ነጻ መሆን ግን ለእኛ ጭልጥ ያለ ሕልም ነው፤ ሕጋችን ከእነሱ ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል።

አለመቀራረቡን ደግሞ ፈተናው ላይ ታዪዋለሽ። የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ቀን ነው። በቀን 180፣ በድምሩ 360 ምርጫ ጥያቄ። አምስት አማራጭ፣ ለአንዱ ጥያቄ 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ። ከተፈታኙ ግማሽ ገደማው ይወድቃል። እንግሊዝኛው አይጥልሽም፤ የሚጥልሽ አገር ቤት በደንብ ያወቅሽው ሕግ ነው።

ምሳሌ ልስጥሽ። አንድ ሰው «ቤቴን በ800 ፓውንድ እሸጥልሃለሁ፣ እስከ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት አስብበት» ይላል። ሐሙስ ቀን ለሌላ ይሸጠዋል። ገዢው ወሬውን ሰምቶ ዓርብ ከሰዓቱ በፊት «ተቀብያለሁ» ይላል። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1690 ጊዜ ቆርጦ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ በቃሉ ይታሰራል። እጅሽ ሳያመነታ «ታስሯል» የሚለውን ይመርጣል። ተሳሳትሽ። በ1876 ዲኪንሰን በዶድስ ላይ ባቀረበው ክስ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ችሎት የፈረደው ለሻጩ ነው። ገዢው ያንን ቀነ ገደብ ለማግኘት ምንም አልከፈለም፤ ያልተከፈለበት ቃል አያስርም። እነሱ «ኮንሲደሬሽን» የሚሉት ይሄን ነው። እኛ አንቀጽ 1678 ስንሸመድድ ፈቃድ፣ ችሎታ፣ ጉዳይ፣ ፎርም እንጂ እሱ የሚባል ነገር የለም።

መሬትም እንደዚያው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው እያልን ተምረን መጥተን ፍሪሆልድና ሊዝሆልድ (ጊዜ ያልተወሰነለትና ጊዜ የተወሰነለት የመሬት ይዞታ) ላይ ፈተና እንቀመጣለን። የእኛ ሊዝ የሚለው ቃል እንኳ ያሳስታል። ትረስትን፣ ማለትም አንዱ ለሌላው ጥቅም ንብረት የሚይዝበትን አሠራር፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ያነሳዋል፣ ግን በተግባር ያየው ጠበቃ አላጋጠመኝም፤ እዚህ ራሱን የቻለ ትልቅ ትምህርት ነው። በቀደመ ፍርድ መመራቱ ብዙ አይከብድሽም። የሰበር ችሎትን አስገዳጅ ውሳኔ እየጠቀስሽ አቤቱታ ጽፈሽ ከሆነ መንገዱን ታውቂዋለሽ።

የመጀመሪያውን ሳታልፊ ሁለተኛውን አትቀመጪም። ሁለተኛው 16 ተግባር አለው። አሥራ ሁለቱ በጽሑፍ፣ አራቱ በቃል። ደንበኛ ሆኖ የሚተውን ሰው ፊትሽ ተቀምጦ ታነጋግሪዋለሽ፤ መንከባከቢያው ውስጥ ከአዛውንቶቹ ጋር ያዳበርሽው ትዕግሥት እዚህ ይሠራልሻል፣ ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባና ዱባይ ሆናችሁ ለምትጠይቁኝ፦ የመጀመሪያው ክፍል በብዙ አገር ባሉ የፒርሰን ቪዩ ጣቢያዎች ይሰጣል፤ የቃሉን ፈተና ግን እንግሊዝ ወይም ዌልስ መጥታችሁ ነው የምትፈተኑት።

የሁለቱ ፈተና ክፍያ ተደምሮ ወደ 4,900 ፓውንድ ይጠጋል፤ በየዓመቱም ይጨምራል። የዝግጅት ኮርስ ግዴታ አይደለም፣ አንቺ ግን ያለ ኮርስ ግቢ አልልሽም። የኮመን ሎው መሠረት የለሽም። እያንዳንዱን ክፍል ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የምትሞክሪው፣ ሁሉም ከመጀመሪያ ሙከራሽ ጀምሮ በስድስት ዓመት ውስጥ ማለቅ አለበት። «ላየው ብዬ ልሞክረው» የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ከፈተናው በፊት ሥራውን ያዢ። የሁለት ዓመቱ ልምድ የሚለካው በሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሎው ሴንተር (ነጻ የሕግ ምክር መስጫ) በፈቃደኝነት ብትሠሪ አሥር ዓመት ይፈጅብሻል። ሁለት ቀን ቢሆን አምስት። በጎ ፈቃዱ በር ማስከፈቻ ይሁን እንጂ ዓላማሽ የሙሉ ጊዜ የፓራሊጋል (የሶሊሲተር ፈቃድ ሳይኖር የሕግ ሥራ የሚሠራበት) ወይም የረዳትነት ሥራ ይሁን። ቪዛሽ ሥራ አይከለክልሽም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከአማርኛሽ በላይ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ከጨመርሽ የጥገኝነት ጉዳይ የሚይዙ ቢሮዎች ይፈልጉሻል። ግን በአስተርጓሚነት ብቻ እንዳያስቀሩሽ። የሰው ቃል ተቀብለሽ መግለጫ የምታረቂ ከሆነ የሕግ ሥራ ነው፤ የተባለውን ብቻ ከተረጎምሽ አይደለም። ቃለ መጠይቁ ላይ ሳታፍሪ ጠይቂ፦ «ልምዴን የሚፈርምልኝ ሶሊሲተር ማነው?» መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቢሮ ሞክሪ።

እስከዚያ «ሕግ ተምራለች» ብለው ማኅበሩ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የስደት ጉዳይ ይዘው ይመጡብሻል። እወቂበት። እዚህ አገር የኢሚግሬሽን ምክር በሥራ መልክ መስጠት ሳይመዘገቡ ወንጀል ነው፤ ድርጅቱ ለትርፍ የቆመ አይደለም ማለት አያድንም። መመዝገቢያው ከ2025 ወዲህ የኢሚግሬሽን አድቫይስ ባለሥልጣን ይባላል፤ ከሶሊሲተርነት በፊት እዚያ ተፈትነሽ አማካሪ መሆን ትችያለሽ፣ እንጀራም ይሆንሻል። ሳይመዘገቡ መሥራት ግን መጨረሻ ላይ የጠባይ ማጣሪያው ላይ ይጠብቅሻል። እዚያ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሳይሆን መደበቁ ነው። የድሮ ቅጣትም ካለ ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ።

አሁን ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ያ የሎንደኑ ሶሊሲተር ነው። ቢሮ ቀይሮ እንኳ ቢሆን ስሙን ኤስአርኤ መዝገብ ላይ ታገኚዋለሽ፣ በነጻ ነው። የትኛው ጉዳይ እንደነበር፣ የትኛውን ሰነድ አንቺ እንዳረቀቅሽ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሆነ በአጭሩ ጻፊለት። የድሮ ኢሜይሎችሽ ካሉ ቀኑን ከእነሱ ላይ ውሰጂ። ሰው ይረሳል፤ ሳይረሳሽ ዛሬ ማታ ጻፊለት።