«እስከ ቅዳሜ ሽታው ይጠፋል ወይ?» ላለኝ ልጅ፣ ለሌሎቻችሁም

ሰሞኑን አንድ ልጅ ጻፈልኝ። እዚሁ ቨርጂኒያ ኢስቴት ሴል፣ ማለትም የሞተ ወይም ቤት የሚለቅ ሰው እቃ የሚሸጥበት ቤት፣ እየዞረ ያረጀ እቃ ገዝቶ፣ አጽድቶ የሚሸጥ ጎበዝ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የሲጋር ሂዩሚዶር በርካሽ አገኘሁ፣ እንጨቱ ያምራል ግን ስከፍተው የሻገተ ቤዝመንት ይሸታል፣ ቅዳሜ ገዢ ይመጣል፣ እስከዛ ሽታውን የሚያጠፋልኝ የምቀባው ነገር አለ?» አለኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ ነበር፣ ግን «እስከ ቅዳሜ» የምትለዋን ሳነብ አቆምኩ። የዛን ቀን ማታ ጥሩ እንቅልፍም አልተኛሁም። ስለዚ ለሁላችሁም ልጻፈው።

ለማታውቁት፣ ሂዩሚዶር ሲጋር እንዳይደርቅ እርጥበት ጠብቆ የሚያቆይ ሳጥን ነው። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ በስፓኒሽ ሲዳር የተለበጠ ነው፣ ስሙ እንደዛ ይበል እንጂ ከስፔንም አይመጣም ሲዳርም አይደለም፣ የማሆጋኒ ዘመድ የሆነ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው። እኔ አላጨስም፣ አጭሱም አልላችሁም። ግን ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ስራ ነው።

ዋሽንግተን እንደመጣሁ ፓርኪንግ ነበር የምሰራው፣ ከዛ አንድ የሲጋር ሱቅ ገባሁ። ጊዜው በፈረንጅ የ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ሲጋር ፋሽን የሆነበት። በ1996 ኮሜዲያኑ ሚልተን በርል ለፕሬዚደንት ኬኔዲ የሰጠው ሂዩሚዶር በሰዘቢስ ጨረታ 574,500 ዶላር ሲሸጥ ሱቃችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ከዛ በኋላ ሰው ሁሉ ከአባቱ ከአያቱ የወረሰውን ሳጥን ከቤዝመንት እያወጣ «አድሱልኝ» ማለት ጀመረ፣ እኔም የማደስ ስራው ላይ ተመደብኩ፣ በደንብ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አፍሬ አልጠየኩም።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ ፖስታ አመላላሽ መጡ። የያዙት ሳጥን ከውጭ የዋልነት እንጨት ነው፣ የነሐስ ማጠፊያ አለው፣ ክዳኑ ጥግ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል። ስከፍተው ውሃ ይዛ ለሳጥኑ እርጥበት የምትሰጠው አረንጓዴ ስፖንጅ ፕላስቲክ ቤቷ ውስጥ ጠቁራ ሙጭልጭል ብላለች፣ ሽታው የረጠበ ምንጣፍ ነው። ልጃቸው ልትዳር ነው፣ ለሰርጉ ያስቀመጡት አንድ ካርቶን ሲጋር አላቸው፣ ለሚዜዎቹና ለአማቻቸው። «መቼ ይደርሳል?» አሉኝ። አለቃዬ አጠገቤ ቆሟል። «አርብ» አልኩ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ስፖንጁን ጣልኩ፣ እንጨቱን ጠረግኩ፣ ሐሙስ ሳሸተው አሁንም አለ። ጓዳ ውስጥ የሎሚ ሽታ ያለው የፈርኒቸር ዘይት ነበረ። ውስጡን በሙሉ ቀባሁት። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ክዳኑን። ወዲያው አበራ፣ ሎሚ ሎሚ አለ። አርብ ሲመጡ አሸተቱትና እጄን ጨብጠው ጉርሻ ሰጡኝ፣ 20 ዶላር።

ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ምንም ሳይናገሩ አንድ ሲጋር አወጡ፣ ጫፉን ቆረጡና ሳይለኩሱት ሳቡት፣ ከዛ ለአለቃዬ ሰጡት። እሱም ሳበና ፊቱን አኮሳተረ። የሎሚ ሳሙና ነው፣ ከስሩ ደግሞ ያው ሻጋታ። ካርቶኑ በሙሉ እንደዛ ሆኗል። አለቃዬ ዘይቱን አያውቅም፣ «ምናልባት በተጣራ ውሃ ፋንታ የቧንቧ ውሃ ጨምረውበት ይሆናል» አላቸው። ሰውየው ትንሽ አሰቡና «ምናልባት፣ አንዴ ሳልጨምር አልቀረሁም» አሉ። ይሄንን ያሉት ራሳቸውን እየወቀሱ ነው። እኔ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሜ መስታወት እወለውላለሁ። ዝም አልኩ። ስራዬን አጣለሁ ብዬ ነው፣ አዲስ አበባ ገንዘብ የምልክላቸው ሰዎች ነበሩኝ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ዝም አልኩ። ሳጥኑን በብብታቸው ይዘው ሲወጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ሁለተኛ አልመጡም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ነገሩን ከልጅነቴ የማውቀው መሆኑ ነው። እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ጋኑን መጀመሪያ በግራዋ ፈትጋ ፈትጋ ታጥበዋለች፣ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ፣ ከዛ ነው በወይራ የምታጥነው። አንዴ ቸኩዬ ሳይታጠብ ላጥነው ስል እጄን ይዛኝ «የድሮውን ሽታ ልታትመው ነው?» ያለችኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ወይራው እንዴት እንደሚያውድ፣ ጭሱ ከጋኑ አፍ እየወጣ ጣራው ስር ሲጠራቀም... እሱን ሌላ ጊዜ።

አሁን ወደ ሳጥንህ። የምትቀባው ነገር የለም። ውስጡ ቫርኒሽ የማይቀባው እንጨቱ እንዲተነፍስ ነው፣ የሚተነፍስ እንጨት ደግሞ የሰጠኸውን ሁሉ ይጠጣል። ሳሙና፣ በረኪና፣ ሽቶ ያለው ማንኛውም ነገር እንዳይነካው። ስፖንጁን ጣለው፣ አጥቦ ለመመለስ አትሞክር፣ ብዙ ጊዜ የሽታው ምንጭ እሱ ራሱ ነው። ውስጡን በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ ትንሽ በራሰ ጨርቅ ጥረግ፣ ሻጋታ ካየህ ሽቶ ባልተጨመረበት አይሶፕሮፒል አልኮል፣ መስኮት ከፍተህ፣ ከእሳት ርቀህ። ከዛ ክዳኑን ከፍተህ ነፋስ ያለበት ደረቅ ቦታ ለቀናት ተወው። ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ በሰሃን አድርገህ፣ እንጨቱ ላይ ሳትነሰንስ፣ ወይም ለአኳሪየም የሚሸጠውን አክቲቬትድ ቻርኮል፣ ሽታ የሚመጥ ከሰል ነው፣ አስቀምጥና ዝጋው፣ በየጥቂት ቀኑ ቀይረው። ቡና የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አበሻ ለሁሉም ሽታ መድሃኒቱ ቡና ይመስለዋል፣ ቡና ግን የራሱን ሽታ ትቶ ነው የሚሄደው። የድሮው ባለቤት ቫኒላና ቼሪ የገባበት ሲጋር ያስቀምጥበት ከነበረ ደግሞ ከሻጋታም ይብሳል፣ ወር ቢፈጅ አትገረም። ለመፈተን 24 ሰዓት ዘግተህ አቆይና ልክ ስትከፍተው አሽትት፣ ትክክለኛው የመጀመሪያዋ ትንፋሽ ናት፣ ከዛ በኋላ አፍንጫህ ይለምደዋል።

የብርጭቆ ወረቀት አልወድም፣ የራሱን የሲዳሩን ጥሩ ሽታ የያዘው እንጨት ስስ ነው። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ምንም አልሆን ብሎኝ ሁለት ጊዜ በ220 ቁጥር፣ በእንጨቱ መስመር ቀስ ብዬ ፍቄ ድኖልኛል። ከዛ 84 ፐርሰንት የሚለውን የእርጥበት ፓኬት ከትተህ ሁለት ሳምንት ዝጋው፣ እንጨቱ ይጠግባል፣ ከዛ ወደ 69 ወይም 65 ታወርደዋለህ። ሲጋሩ ራሱ አሞኒያ አሞኒያ ካለ ግን ሳጥኑን አትውቀስ፣ ሲጋሩ ገና አልበሰለም ማለት ነው፣ አቆየው።

እናንተ ልጆች ሁሉን ነገር በ30 ሰከንድ ቪዲዮ መጨረስ ትፈልጋላችሁ፣ እሱ አይመቸኝም። ግን ከኛ አንድ ነገር ትበልጣላችሁ፣ ሳታፍሩ ትጠይቃላችሁ። እኔ ያን ማክሰኞ አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ።

ቅዳሜ ሰውየው ሲመጣ ሳጥኑን ከፍተህ ስጠውና ራሱ ያሽትተው። ምን እንደሸተተ፣ ምን እያረክለት እንደሆነ፣ ስንት ሳምንት እንደሚቀረው ንገረው። ልጠብቅ ካለ ይጠብቃል፣ ዋጋ ቀንስልኝ ካለም ቀንስለት። እስከዛ ፓኬትም አትክተት፣ የብርጭቆ ወረቀቱንም አትንካ፣ የክዳኑን የውስጥ በኩል በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።