ለጥርሴ ሄጄ ምላሴን ለምን ሳቡት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው፤ ዕድሜዬ 52 ነው። ባሕር ዳር ጥርስ ላስነቅል ሄጄ አንዲት የጥርስ ሕክምና ተማሪ መጀመሪያ አንገቴን ዳበሰች። ቀጥላ ምላሴን በጎዝ ይዛ ግራና ቀኝ እየሳበች አየች። መምህሯም ደገመው። ምላስዎ ጠርዝ ላይ ቁስል አለ አሉኝ። የተሰበረውን ጥርስ ነቅለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ አሉ። ቁስሉ አያመኝም። ካንሰር አግኝተው ደብቀውኝ ይሆን? ሥራ ፈትቼ መመለስስ አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ ይመለሱ። የደበቁዎት ነገር ግን ያለ አይመስለኝም። በዓይን ብቻ አይቶ ካንሰር ነው ማለት አይቻልም። የተሰበረ ጥርስ ምላስን እየፋቀ ያቆስላል። ጥርሱ ከወጣ ቁስሉ በሁለት ሳምንት ገደማ መዳን አለበት። ካልዳነ ትንሽ ናሙና ተቆርጦ ላቦራቶሪ ይላካል። ቁርጡን የሚናገረው እሱ ነው። አያመኝም ማለትዎ ደግሞ አያዘናጋዎት። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።

ተማሪዋ ያደረገችው ትክክለኛውን ነው። ለጥርስ የመጣ አዋቂ ሁሉ እንዲህ ቢታይ ደስ ይለኛል። ተማሪዎች ምርመራውን በቅደም ተከተል የሚማሩት የሚዘለል ቦታ እንዳይኖር ነው፦ አንገት፣ ከንፈር፣ የጉንጭ ውስጥ፣ ድድ፣ ምላስ፣ ከምላስ ሥር፣ ላንቃ። ምላስ ስለሚያዳልጥ በጎዝ ይያዛል። የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው ቦታ በደንብ የሚመረመሩት የአፍ ካንሰር የሚያዘወትራቸው ቦታዎች ስለሆኑ ነው። የማይፋቅ ነጭ ሽፋንም ይፈለጋል፤ ቀይ ከሆነ ይበልጥ ያሰጋል። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ለተማሪ የሚከብደው ጥያቄው ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አባቷን የሚያህል ሰው «አረቄ ስንት መለኪያ ይጠጣሉ? ሲጋራስ? ሱረትስ?» ብላ መጠየቅ ታፍራለች። እኛ አገር ይሉኝታ አለ። ግን መጠየቅ አለባት፤ ትንባሆና መጠጥ አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋው በጣም ይጨምራል። ስትጠይቅዎ እውነቱን ይንገሯት።

እስከዚያው አረቄም ትንባሆም ካለ ይተዉት። ምች ነው ብለው ዳማ ከሴም ሆነ ሌላ ነገር ቁስሉ ላይ አያድርጉ። የዳነ ቢመስልዎትም ሄደው ያሳዩ። ከደማ፣ ከጠነከረ ወይም አንገትዎ ላይ ንፍፊት ካዩ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይሂዱ።