«ኒ» ያልኳቸው ቀን፤ ስዊድንኛ ለምትማሩ ልጆች

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስዊድን ከመጣች ስምንት ወሯ ነው፣ ኤስ ኤፍ ኢ የሚሉትን ለመጤዎች የሚሰጥ የስዊድንኛ ትምህርት እየተማረች ነው፣ ጎበዝ ናት፣ የስሙን ጾታ ኤኑንም ኤቱንም፣ የግሱንም እርባታ ሸምድዳዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ቡና እያፈላሁ «አክስቴ፣ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ሰዎቹ ምን ለማለት እንደፈለጉ ግን አይገባኝም» አለችኝ። እኔም የዛሬ አርባ አመት ልክ ይሄንኑ ነበር የምለው፣ ያኔ ግን ቁጭ አድርጎ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ለሷ የነገርኳትን ለናንተም ልጻፈው ብዬ ነው። አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ስራ የጀመርኩት በ1985 ነው፣ ቤት ለቤት እየዞርን አቅመ ደካማ አረጋውያንን የምንረዳበት ሄምሸንስት የሚሉት ስራ ላይ፣ በኋላ ተምሬ ነርስ ሆንኩ፣ ጡረታ እስክወጣ ከሽማግሌዎች ጋር ነው የኖርኩት። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሰማንያ የሚጠጉ እናት ቤት ተላክሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ሰማያዊ አበባ ያለው የሸክላ ስኒ ነበረ፣ ቡናውን ቀድቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከመጽሐፍ ባጠናሁት ስዊድንኛ «ቪል ኒ ሃ ሶከር?» አልኳቸው፣ ስኳር ይፈልጋሉ ወይ ማለት ነው። የኔ መጽሐፍ «ዱ» አንተ ወይም አንቺ ነው፣ «ኒ» ደግሞ ብዙ ሰው ነው፣ ለአክብሮትም ይሆናል ይል ነበር። እኔ ደግሞ በእናቴ እድሜ ያለችን ሴት አንቺ እንዴት ልበል? እኛ ሀገር እኮ ሰውን ስናሞግስ «አንቱ የተባለ» ነው የምንለው። ሴትየዋ ስኒውን ወደ ጠረጴዛው መልሰው ፊታቸው ቀላ፣ ከዛ ቀስ ብለው «ምን አድርጌሽ ነው ኒ የምትይኝ» አሉኝ። ደነገጥኩ። አክብሬ የተናገርኩት ቃል እንደ ስድብ ነው የደረሳቸው።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። የድሮ ስዊድን ውስጥ ማዕረግ ያለው ሰው በማዕረጉ ነበር የሚጠራው፣ ያውም እንደሌለ ሰው በሩቅ። ዶክተሩን «ዶክተሩ ቡና ይፈልጋል?» ትለዋለህ እንጂ ቀጥታ አታናግረውም። ማዕረግ ለሌለው ለሰራተኛው፣ ለገረዷ፣ ለገበሬው ነበር ጌቶቹ «ኒ» የሚሉት። ገረዷ ለጌታዋ መልሳ ኒ ብትል ብልግና ነው። ስለዚህ ኒ ከላይ ወደታች የሚወርድ ቃል ነበር፣ የኛ አንቱ ደግሞ ከታች ወደላይ ይወጣል። ሁለቱን አንድ ናቸው ብዬ ነው የተሳሳትኩት።

እኚህ እናት የስታታረ ልጅ ነበሩ። ይሄን ቃል ያዙት፣ ኤስ ኤፍ ኢ ላይ ቶሎ አታገኙትም። ስታታረ ማለት የራሱ መሬት የሌለው፣ ከነቤተሰቡ በአመት ኮንትራት ለትልቅ ባለርስት የሚሰራ፣ ደሞዙን በአብዛኛው በእህል በወተትና በመኖሪያ ክፍል የሚቀበል ሰው ነው። እኛ ጭሰኛ ስንል ልብ የሚነካን ነገር አለ አይደል፣ ስርአቱ ልክ አንድ አይደለም ግን ስሜቱ እዛው ጋ ነው። ባልየው ሲቀጠር ሚስትየውም የጌታውን ላሞች የማለብ ግዴታ አብሮ ይመጣባት ነበር፣ በቀን ሁለት ሶስቴ፣ ክረምትም ሆነ እሁድ፣ ይሄን ግዴታ ሰዎቹ ራሳቸው «ነጩ አለንጋ» ይሉት ነበር። ጥቅምት ማብቂያ ላይ ኮንትራቱ ሲያልቅ እቃቸውን ጋሪ ላይ ጭነው ወደሌላ ርስት ይሄዳሉ። ሴትየዋ ሴርምላንድ ውስጥ ልጅ ሆነው ስንት ቤት እንደቀየሩ በጣታቸው ሲቆጥሩ ጣታቸው አለቀ። ይሄ ስርአት የቀረው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ1945። ትናንት ማለት ነው። እኚህ ሴት በእጃቸው የነበረው እንደ ጥርስ ንጹህ የሆነ ባለ ሶስት ክፍል አፓርታማ፣ ሙቅ ውሃ፣ ጡረታ፣ እሱ ሁሉ በአንድ ሰው እድሜ ውስጥ የመጣ ነው።

ብዙዎቻችሁ ስዊድን ሁሌም ሀብታም የነበረች ይመስላችኋል። ከ1860ዎቹ መጨረሻ ረሃብ ጀምሮ እስከ 1930 ገደማ ወደ 1.3 ሚሊዮን ስዊድናዊ ወደ አሜሪካ ተሰዷል፣ በ1900 የሀገሩ ህዝብ ጠቅላላ አምስት ሚሊዮን ገደማ ነበረ፣ እስቲ አስቡት። ስለዚህ ስደትን ከኛ ብቻ የተማሩት አይደለም፣ አያቶቻቸው ሻንጣ ይዘው የወጡ ናቸው።

ከዛ ነው «ፎልክሄም» የሚባለው ቃል የሚመጣው፣ የህዝብ ቤት ማለት ነው። ፔር አልቢን ሃንሶን በ1928 ፓርላማ ውስጥ ሲናገር ሀገር እንደ ጥሩ ቤት መሆን አለባት፣ በጥሩ ቤት ውስጥ የሚሞላቀቅ ልጅና የእንጀራ ልጅ የለም አለ። የእንጀራ ልጅ የሚለው ነገር ለኛ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። በ1932 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ በ1938 አሰሪዎችና የሰራተኛ ማህበራት ሳልትሼባደን የሚባል ቦታ ላይ ስምምነት ተፈራረሙ፣ ከዛ በኋላ ታገ ኤርላንደር ለ23 አመት መራ። ይሄን ሁሉ ለፈተና ብላችሁ አትሸምድዱ። የምነግራችሁ መስሪያ ቤት ውስጥ አለቃችሁ ራሱ ቡና ቀድቶ ሲያመጣላችሁ፣ ስብሰባ ላይ ሁሉም በየተራ ካልተናገረ ሲጨንቃቸው፣ «ላጎም» ሲሉ (ልክ ልኩን፣ ሳይበዛ ሳያንስ)፣ ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው።

ወደ ዱ ልመለስ። በ1967 ብሮር ሬክሴድ የሚባል ሐኪም የጤናው መስሪያ ቤት ሃላፊ ሆኖ ሲሾም ለሰራተኞቹ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁንም ዱ ነው የምላችሁ፣ እናንተም ብሮር በሉኝ አለ። ነገሩን እሱ አልጀመረውም፣ ቀድሞም እየተለመደ ነበር፣ ግን ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። በጥቂት አመት ውስጥ ዶክተሩም ጽዳቷም ጠቅላይ ሚኒስትሩም ዱ ሆኑ፣ የቀሩት ንጉሱና ቤተሰባቸው ናቸው፣ ንጉሱን ዛሬም «ንጉሱ ምን ያስባሉ?» ብለው ነው የሚጠይቋቸው። ይሄ እንግዲህ የኛን ሰው አይደንቀውም፣ ያስከፋዋል እንጂ። ወጣት ሐኪም አባቴን አንተ አለው ብሎ የተቆጣ ስንቱን አይቻለሁ። ልጆች፣ አንተ ተብሎ ተዋረደ ማለት አይደለም፣ ያ ሐኪም አባትህን ከጠቅላይ ሚኒስትሩ እኩል ነው ያደረገው። ክብራቸው ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ በሰአቱ መድረስ፣ ሳያንኳኩ አለመግባት፣ ጫማ በር ላይ ማውለቅ፣ ሰው ሲያወራ አለማቋረጥ፣ እናንተም እዛ ላይ አክብሯቸው። አሁን አሁን ሱቅና ሬስቶራንት ውስጥ ልጆች ለትህትና ብለው ኒ ማለት ጀምረዋል፣ ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬም አይወዱትም፣ ስለዚህ ከሰማኒያ በላይ ላለ ሰው ዱ በሉ፣ አትፍሩ።

ያ 1967 ደግሞ ሌላም ጉድ አለው። መስከረም 3 ከንጋቱ 11 ሰአት ላይ በሀገሩ ያለው መኪና በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ፣ ዳገን ሆ ይሉታል። የሚገርመው በ1955 ህዝቡ ተጠይቆ 83 ከመቶ አልፈልግም ብሎ ነበር፣ ፓርላማው ግን በ1963 ወሰነ፣ ከዛ አራት አመት ሙሉ ምልክት ሲተክሉ፣ በራሪ ወረቀት በየቤቱ ሲልኩ፣ ሲያስተምሩ ቆዩ፣ ቀኑ ሲደርስ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ እያየ በሰላም አለፈ። ከመንግስት መስሪያ ቤት የሚመጣውን ያን ሁሉ ረጃጅም ደብዳቤ ሳታነቡ አትጣሉ የምላችሁ ለዚህ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ነገራቸውን የሚያደርጉት በወረቀት ነው፣ ጩኸት የለውም ማለት ቀልድ ነው ማለት አይደለም።

ስለ ትቬትስቱጋም ልንገራችሁ፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ማለቴ ነው፣ ምክንያቱም የኛ ልጆች መጀመሪያ ከጎረቤት ጋር የሚጣሉት እዛ ነው። ሰሌዳው ላይ ትንሿን ቁልፋችሁን ሰአታችሁ ላይ ትቆልፋላችሁ፣ ያ ሰአት የናንተ ነው፣ አስር ደቂቃ ብታሳልፉ ግን ከሚቀጥለው ሰው ላይ ወስዳችኋል። የማድረቂያውን ወንፊት ጠርጋችሁ፣ ወለሉን ወልውላችሁ ነው የምትወጡት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቁጣ ወረቀት ካያችሁ አንብቡት፣ ከቃላቱ ብዙ ትማራላችሁ። ለምን እንደዚህ ይቆጣሉ? ያ ክፍል የፎልክሄሙ ቅንጣት ነው፣ ለሁሉም እኩል የተሰጠ ነገር፣ አንዱ ሲያበላሸው የሁሉም ይበላሻል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኡሎፍ ፓልመ የተገደለ ጊዜ እዚሁ ነበርኩ። የካቲት 28፣ 1986፣ አርብ ማታ፣ ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ አይተው ያለ ጠባቂ በእግራቸው እየሄዱ ስቶክሆልም ስቬአቬገን የሚባል መንገድ ላይ በጥይት ተመታ። ቅዳሜ ጠዋት የስራ ተራዬ ነበር። የመጀመሪያው ቤት የነበሩት አዛውንት ከሱ ፓርቲ አልነበሩም፣ ሁሌ ይተቹት ነበር፣ ራዲዮኑን ከፍተው ፒጃማቸውን እንደለበሱ ቁጭ ብለዋል፣ ቁርስ አልነኩም። አላለቀሱም፣ አልጮሁም፣ እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ «እዚህ ሀገር እንዲህ አይደረግም» ብቻ ነው ያሉት። እኔ ሙሾና ደረት መምታት የማውቅ ሰው ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስዊድናዊ ዝም ሲል አይሰማውም ብላችሁ አታስቡ። በኋላ ቦታው ላይ ሄጄ የቀይ ጽጌረዳውን ክምር አየሁት፣ ከሰው ቁመት አይተናነስም ነበር።

ግን መላእክት አድርጋችሁም አትዩአቸው። ኡፕሳላ ላይ በ1922 መንግስት የዘር ባዮሎጂ ተቋም ከፍቶ የሰሜኑን ነባር ህዝብ የሳሚን ሰዎች ጭንቅላት ይለካ ነበር፣ ከ1934 እስከ 1975 በነበረው ህግ ደግሞ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች መካን ተደርገዋል፣ ብዙዎቹ ተገደው ወይም ጫና ተደርጎባቸው፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ካሳ መክፈል የተጀመረው በ1999 ነው። ያው ፎልክሄም ያለው መንግስት ነው ይሄን ያደረገው። አረጋውያን ቤት ተቀጥሮ የሰራ ሰው ስለዚህ ነገር የሚያንሾካሹኩ ሴቶች ያጋጥሙታል፣ እኔም አጋጥሞኛል፣ የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም።

ከኛም ጋር ታሪክ አላቸው፣ ይሄንን ስታውቁ አንገታችሁ ቀና ይላል። በ1935 ጣሊያን ሲወረን የስዊድን ቀይ መስቀል የህክምና ቡድን ልኮ ነበር፣ መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድቧል። ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ አብራሪ ያኔ በአውሮፕላን ቁስለኛ ያመላልስ ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አየር ሃይላችንን ከስዊድኖች ጋር አቋቋመ፣ በ1977 ጎዴ ላይ ሞተ። ልደታ ያለው የህንጻ ኮሌጅ፣ አሰላ የነበረው ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በእነሱ እርዳታ ነው። እኔ ከኢትዮጵያ ነኝ ስል «አቢሲኒያ!» ብለው በልጅነታቸው ጋዜጣ ላይ ያዩትን ያወሩልኝ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ለብዙ ሳምንት የቆየ ዝምታ በዛች ቃል ነው የተሰበረው።

ቋንቋው ላይ አንድ ሁለት ነገር። የኛ ሰው ላልቶና ጠብቆ መናገር ያውቃል፣ ገና (በዓሉ) እና ገና (ያልደረሰው) እንደምንለየው፣ ስለዚህ ከሌላው ተማሪ ቀድማችኋል። ታክ ጠብቆ ከሆነ ምስጋና ነው፣ ፊደሉ ተስቦ ከላላ ጣራ ነው። ሰሜን ስትሄዱ ደግሞ ሰዎቹ አዎ ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ፣ ልክ የኛ እናቶች እንደሚያደርጉት፣ እኔ መጀመሪያ ስሰማው እንባዬ መጣ። ስምንት ገጽ የምትለዋን በቀላል ስዊድንኛ የምትጻፍ ጋዜጣ፣ 8 ሲዶርን፣ በየቀኑ አንብቡ። ልጅ ከወለዳችሁ ደግሞ አማርኛውን አትጣሉበት፣ ከ1977 ጀምሮ የአፍ መፍቻ ቋንቋ በትምህርት ቤት የመማር እድል አለ፣ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌ ፈልጉ። ስራ ላይ፣ ቤተ መጻሕፍት የቋንቋ ካፌ ላይ፣ ደረጃው ላይ እቃ ይዘው ሲወጡ አግዟቸው። ፊካ ላይ፣ ማለትም ቡና ላይ፣ ከተቀመጣችሁ ስለ አየሩ ካወራችሁ በኋላ ይቺን ጠይቁ፣ «ሁር ሶግ ዴ ኡት ሄማ፣ ኔር ዱ ቫር ሊተን?» ልጅ ሆነሽ ቤታችሁ ምን ይመስል ነበር ማለት ነው። የኔዋ እናት መልሱን ለመጨረስ ሶስት ክረምት ፈጅቶባቸዋል፣ ባለ ሰማያዊ አበባዋ ስኒ አሁን የኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ናት።