«ተሰደዱ» ወይስ «ሰፈሩ»?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «እ.ኤ.አ. በ1620 ቅኝ ገዢዎቹ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ተሰድደው በባዶ መሬት ላይ ሰፈሩ» ብዬ ጽፌ ነበር። ባልደረባዬ አንብቦ «ቅኝ ገዢ ይሰደዳል እንዴ?» አለኝ። ታዲያ ምን ልበላቸው? ስደተኞች፣ ሰፋሪዎች፣ ፍልሰተኞች ወይስ መጤዎች?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክለኛውን ቦታ ነክተዋል። እኔ ግን ከስሙ በፊት ግሱን ብናጠራ እመርጣለሁ። ሰው ለምን ከአገሩ እንደወጣ በአማርኛ አስቀድሞ የሚናገረው ግሱ ነውና።

«ተሰደደ» የ«ሰደደ» ተደራጊ ነው። ከበስተኋላው የሚያባርር አለ። ወርኃ ጽጌ ሲመጣ የእመቤታችንን ስደት ስናስብ ሄሮድስም አብሮ ይነሳል። አባራሪው ሰው ብቻ አይደለም፤ ለእንጀራ ብላ ዓረብ አገር የሄደችውን እህታችንንም ስደተኛ የምንላት ችግር ስላባረራት ነው። «ፈለሰ» ግን አባራሪ አይጠይቅም፤ ብዙ ሰው ከቦታ ወደ ቦታ መዛወሩን ብቻ ይናገራል። «ሰፈረ» ደግሞ ስለ መውጣቱ ምንም አይልም፤ የሚነግረን ስለ መድረሱ ነው። ጦር ይሰፍራል። ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ብዙዎቹ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ድንኳን የተከሉባቸው ቦታዎች ነበሩ።

አሁን ወደ 1620 እንመለስ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሜይፍላወር መርከብ ከተሳፈሩት መካከል ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው የሚያመልኩ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ በአገራቸው መቀጮና እስር ስለበዛባቸው በ1608 ገደማ ወደ ሆላንድ ወጡ፤ ቀጥሎም ላይደን ከተማ ገቡ። ለዚህኛው ጉዞ «ተሰደዱ» ያለ ምንም ማመንታት ልክ ነው። ላይደን ውስጥ ግን እንደ ልባቸው ያመልኩ ነበር። ከዚያ እንዲነሱ ያደረጋቸው ሌላ ነው። አብዛኞቹ በጨርቅ ሥራ ላይ ተቀጥረው ከእጅ ወደ አፍ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው በቋንቋም በጠባይም ሆላንዳዊ እየሆኑ ነው፤ ሆላንድ ከስፔን ጋር ያደረገችው የ12 ዓመት የተኩስ አቁም በ1621 ሊያበቃ ነው። በዚያ ላይ ከ102ቱ መንገደኞች የላይደን ምእመናን ከግማሽ ያንሱ ነበር። ሌሎቹን ያሰባሰቧቸው ጉዞውን በገንዘብ የደገፉ የለንደን ነጋዴዎች ናቸው፤ እነዚህ መንገደኞች የሚፈልጉትም መሬትና ሥራ ነበር። ስለዚህ 102ቱንም «ተሰደዱ» ብሎ መጠቅለል አንዱን ምክንያት የሁሉ ያደርገዋል። ተማሪው «ሁሉም ለሃይማኖት ነጻነት ሄዱ» ብሎ የሚያድገው እንዲህ ባለው አጻጻፍ ነው፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ከእነሱ 13 ዓመት ቀድመው፣ በ1607፣ ቨርጂኒያ ጄምስታውን የደረሱት መቶ ያህል ወንዶችና ልጆች ደግሞ የላካቸው አክሲዮን የሸጠ የንግድ ኩባንያ ነበር። ወርቅና ወደ እስያ የሚያሻግር የውኃ መንገድ እንዲፈልጉ «ተላኩ»፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ምሽግ ሠርተውም «ሰፈሩ»። ግሱ በጥንት የጦር ሰፈር ትርጉሙ ልክክ የሚልበት ቦታ ይህ ነው። ወርቁ ታጣ፤ ትምባሆ ግን ገበያ አገኘ፣ ትምባሆም ጉልበት ፈለገ። የመርከብ ዋጋ መክፈል የማይችሉ ድሃ እንግሊዛውያን ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሊያገለግሉ ተዋውለው ይሄዱ ጀመር። ኩባንያው ለአንድ ተሳፋሪ 50 ኤከር፣ ማለትም 20 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበር፤ መሬቱ የሚደርሰው ግን ለተሳፋሪው ሳይሆን ለከፈለለት ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ቅኝ ገዢ» ካልነው ቃሉ ትርጉም ያጣል። ቅኝ ገዢው ዘውዱና ኩባንያው ነው።

በ1619 ወደዚያው ቨርጂኒያ ለመጡት ከሃያ የሚበልጡ አፍሪካውያን ከላይ ካነሳናቸው ግሶች አንዱም አይሠራም። ከአንጎላ በፖርቱጋል መርከብ ተጭነው፣ ባሕር ላይ በእንግሊዝ መርከበኞች ተነጥቀው፣ በምግብ ተለወጡ። «ተጋዙ» ይበሉ። «ፈለሱ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ደግሞ ሳያመነቱ ይሰርዙት።

«ፈለሱ» የሚያምረው በ1630ዎቹ ወደ ማሳቹሴትስ ለሄዱት ነው። 20,000 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከነቤተሰባቸው፣ የንጉሡ የሃይማኖት ጫናም የኑሮ መክበድም ገፍቷቸው ሄደዋል።

«ሰፋሪ» የሚለውን ስም እቀበለዋለሁ፤ ብቻውን ግን አይተዉት። የእኛ አገር ተማሪ «ሰፋሪ» ሲባል ወላጆቹ የሚያወሩትን የ1977 ዓ.ም. ሰፈራ ያስባል። በድርቁ ጊዜ ደርግ ከወሎና ከትግራይ አንስቶ፣ ብዙዎቹን ያለ ፈቃዳቸው፣ ወደ ወለጋ፣ ጋምቤላና መተከል የወሰዳቸውን ማለት ነው። ሁለቱ እንዳይምታቱ «የቅኝ ግዛት ሰፋሪዎች» ይበሉ። «መጤ» ስድብ ስለሆነ ለታሪክ መማሪያ አይሆንም።

የባሰው «ባዶ መሬት» የሚለው ነው። የሜይፍላወር መንገደኞች የሰፈሩበትና ፕሊመዝ ያሉት ቦታ ፓታክሴት የሚባል፣ የአገሬው ተወላጅ የሆነው የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበር። ከ1616 እስከ 1619 የዘለቀ ወረርሽኝ ነዋሪውን ጨረሰው። ሰፋሪዎቹ ሲደርሱ የተመነጠረ የበቆሎ ማሳ ነው ያገኙት። በቆሎ አተካከል ያስተማራቸው ቲስኳንተምም የዚያው መንደር ልጅ ነው፤ በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አለቃ አፍኖ ለባርነት ስፔን ወስዶት ነበርና ከሞት ተረፈ። ለዚህ አማርኛ «ጠፍ» የሚል ቃል አለው። «ባዶ» ከመጀመሪያውም ማንም ያልነበረበትን ሊሆን ይችላል፤ «አገሩ ጠፍ ሆነ» ስንል ግን ሰው ኖሮበት እንደጠፋ እየመሰከርን ነው።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገርዎን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ከሃይማኖት ጫና ሸሽተው ወደ ሆላንድ ተሰድደው የነበሩ እንግሊዛውያን፣ መሬትና ሥራ ፍለጋ ከተቀላቀሏቸው ሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1620 አትላንቲክን ተሻግረው፣ ወረርሽኝ ጠፍ ባደረገው የፓታክሴት መንደር ላይ ሰፈሩ።»